ረግረጉ ይረፍ

ለጓሮዬ የቲማቲም ችግኝ ልገዛ ስሄድ ዝናብ ያዘኝና ችግኝ አፍልተው ከሚሸጡ አንድ አዛውንት ዳስ ተጠለልሁ። አዛውንቱ ከታች ካለው ረግረግ ጥቁር አፈር ቆፍረው ለማምጣት ጆንያና አካፋ አዘጋጅተው ዝናቡ እስኪያባራ ተቀምጠዋል። የግብርና ትምህርቷን ጨርሳ የተመለሰችው ልጃቸው የችግኝ ትሪ እያጠበች «አባባ፣ ዛሬስ ባይወርዱ» ትላቸዋለች። እኔም ነገሩ ጣመኝና ጆሮዬን ጣል አደረግሁ።

አዛውንቱ ወደ እኔ ዞረው፣ ሠላሳ ዓመት በዚያ አፈር ችግኝ እንዳፈሉ፣ ውሃ እንደሚይዝ፣ ሥርም ሳይታፈን እንደሚሰደድበት ነገሩኝ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ካረፉ አራት ዓመት የሆናቸው ባለቤታቸው ጆንያውን ይይዙላቸው ነበር። ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ሲውጣቸው «እኔ ያገባሁት ሰው ነው ወይስ ጉማሬ?» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። አዛውንቱ ይህን ሲያወሩ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን መሃል ላይ ተቋረጠ።

«እዚያ ስወርድ የምትጠብቀኝ ይመስለኛል» አሉ።

ልጅቱ እጇን አደራርቃ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እኔንም ትናፍቀኛለች፣ አባባ። ግን እማዬ የምታውቀው ረግረግ የት አለ? ቄጠማው አለቀ፤ ምንጩም በበጋ መድረቅ ጀመረ። ያ አፈር ስንትና ስንት ዘመን ሲጠራቀም የኖረ ነው፤ እኛ በአንድ ጧት ጆንያ ሞልተን እናወጣዋለን።»

አዛውንቱ ይህን አልካዱም። ዳሩ ግን አንድ ጊዜ በቅጠል ብስባሽ ሞክረው የጎመን ችግኛቸው በሙሉ ተቃጥሎባቸዋል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ዳግመኛ አልነኩትም። ልጅቱ ብስባሹ ገና ትኩስ እንደነበረ አስረዳቻቸው፤ ወራት ቆይቶ ሲበርድ፣ ሽታውም የዱር አፈር ሽታ ሲሆን በወንፊት ተነፍቶ ከኮኮናት ቃጫና ከሸካራ አሸዋ ጋር ይደባለቃል። ላዩ ቶሎ ስለሚደርቅ ግን በጣት እየዳሰሱ ውሃ ማጠጣት ያሻል።

እንዳይከለክሏት ፈርታ በዚሁ ድብልቅ በመኝታ ቤቷ መስኮት ላይ ያፈላችውንም ትሪ አመጣች። ችግኞቹ በቁመት ከረግረጉ አፈር ችግኞች ትንሽ ያንሳሉ፤ ግንዳቸው ግን ደንደን ያለ ነው። አዛውንቱ አንዱን በዝግታ መዘዙ። ነጫጭ ሥሮች አፈሩን እንደ መረብ አቅፈውታል። ዝናቡ ካባራ በኋላም ከእጃቸው አላስቀመጡትም።

«አፈሩን ከተውሁ እሷን የተውኋት መስሎኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «እሺ ልጄ፣ ረግረጉ ይረፍ።»

በዓመቱ ተመልሼ ሄድሁ። ድሮ ይቃጠል የነበረ የሰፈሩ ቅጠል ዛሬ አፈር ሆኖ ችግኝ ያሳድጋል። ሳይቆፈር የከረመው ረግረግም የክረምቱን ጎርፍ ይዞ ምንጩን በበጋ መመገብ ጀምሯል። ዕውቀት ከፍቅር ጋር ሲመካከር እንዲህ ያለ ፍሬ ያፈራል።

አዛውንቱን ወደ ረግረጉ መውረድ ተዉ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እወርዳለሁ እንጂ» አሉኝ። «ድሮ ሥራ ይዞኝ በቅጡ አላወራኋትም። አሁን ዳር ላይ ቁጭ ብዬ አወራታለሁ።»