የደርበው ሰንጢ

ክርር፣ ክርር፤ ከኮምቦልቻ ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ፣ ከተገረበበ የቆርቆሮ በር ጀርባ የሽቦ ብሩሽ ብረት ሲፍቅ ከመንገድ ይሰማል፤ ስንዱ በሩን ስትገፋው ድምፁ ቆመ፣ ቢላና ሰንጢ አዳሹ ሽማግሌ እንድሪስም መስኮቱ ሥር በከሰዓቱ ብርሃን ተቀምጦ የሟች ወንድሟን የዛገ ሰንጢ ጭኑ ላይ እንዳጋደመ ቀና አለ።

ስንዱ፦ ለምን አቆሙ? ከታች ከመንገዱ ጀምሮ እየሰማሁ ነው የመጣሁት፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

እንድሪስ፦ እንዴት ዋሉ ማለት ቀረ እንዴ?

ስንዱ፦ እንዴት ዋሉ ጋሽ እንድሪስ። አሁን ይፍቁት።

እንድሪስ፦ አንዱን ጎን ፍቄዋለሁ። ይኸው፣ እይው። ፊትሽን ያሳይሻል።

ስንዱ፦ ሁለተኛውስ?

እንድሪስ፦ ሁለተኛው ይቆይ።

ስንዱ፦ ምን እስኪሆን? ሽማግሎቹ ነገ ጠዋት ለእርቁ ይቀመጣሉ። ትናንት ስለምንዎት እንደ አዲስ አደርገዋለሁ ብለውኝ አልነበር?

እንድሪስ፦ ብያለሁ። ትናንት ግን ሰንጢው አልተከፈተም ነበር። ሁለት ቀን ነጭ ጋዝ ውስጥ ነክሬው፣ ስለቱ ከእጀታው የተላቀቀው ዛሬ ጠዋት ነው።

ስንዱ፦ ታዲያ ተከፈተ፣ ደግ። ይፋቅ፣ ይወልወል፣ ዘይት ይቀባ። የወንድሜ ማስታወሻ ነው፤ እንዲህ ተበልቶ ሽማግሌ ፊት አይቀርብም።

እንድሪስ፦ ሽማግሎቹ ሰንጢውን ሲሰጡኝ ያሉኝ አንድ ነገር ነው። ክፈተውና ያየኸውን ንገረን። አጽዳው አላሉኝም።

ስንዱ፦ አታጽዳውም አላሉዎት።

እንድሪስ፦ አንቺ ልጅ ጠበቃ መሆን ነበረብሽ።

ስንዱ፦ ዘጠኝ ዓመት ስከራከር የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከዚያ በላይ ምን ትምህርት አለ።

እንድሪስ፦ ተቀመጪ እስኪ። እዚያ ዱካው ላይ፣ ብርጭቆ ወረቀቱን ገፋ አድርጊው።

ስንዱ፦ አልቀመጥም። ነገ ምን ሊሏቸው እንደሆነ ይንገሩኝና ልሂድ።

እንድሪስ፦ ለእነሱ ከመናገሬ በፊት ላንቺ ልንገርሽ ብዬ ነው ያቆምኩት።

ስንዱ፦ ምኑ ይነገራል? ተደፍኖ የኖረው የመስኖ ቦይ ዘንድሮ ሲጠረግ ሰንጢው ከነጭቃው ሲወጣ ሰው ሁሉ ቆሞ አይቷል። የቀንድ እጀታውን አይቶ የደርበው ነው ብሎ ለይቷል። ታጥፎ ነው የወጣው። ሲወድቅ ከኪሱ ሾልኮ ቦይ ገብቷል ማለት ነው። የታጠፈ ሰንጢ ደግሞ ሰው አይቆርጥም። ፈንታው፣ መጀመሪያ ደርበው በሰንጢ ክንዴን ቆረጠኝ፣ ከዚያ ነው በዱላ የመታሁት ያለው ውሸቱን ነው። አለቀ። ነገ ይህን ይበሉልኝ። ከዚያ እርቅ የሚባል ነገር አይኖርም፤ እሱም ከእስር ወጥቶ እንደመጣ አገሩን ለቆ ይሄዳል።

እንድሪስ፦ ይህን እንድል ነው የፈለግሽው።

ስንዱ፦ እውነቱን እንዲሉ ነው የፈለግሁት።

እንድሪስ፦ በይ እንግዲያው ያዢው። እጠፊው።

ስንዱ፦ ለምን?

እንድሪስ፦ እጠፊው ብቻ። አይዞሽ፣ ዶልዱሟል፣ አይቆርጥሽም።

ስንዱ፦ እምቢ አለ።

እንድሪስ፦ ጫን በይው።

ስንዱ፦ አይሆንም። ዝገት ይዞት ነው።

እንድሪስ፦ ማጠፊያውን አጽድቼዋለሁ፤ ዝገት አይደለም። ሞላው ነው። እኔ ራሴ ከመጋዝ ብረት ቆርጬ ያስገባሁት ሞላ ነው። ደርበው ኪሴ ውስጥ እንዳይከፈት ጠንከር ይበል ስላለኝ። ይህን ሰንጢ የሚያጥፍ ሰው ጀርባውን ጭኑ ላይ አስደግፎ፣ በሁለት እጁ ገፍቶ፣ ጥርሱን ነክሶ ነው።

ስንዱ፦ ታዲያ?

እንድሪስ፦ ታዲያ ጭንቅላቱን ተመቶ የወደቀ ሰው አያጥፈውም።

ስንዱ፦ ማን ተከፍቶ ነበር አለዎት? ሲጀመርም አልተከፈተም እያልኩዎት።

እንድሪስ፦ ዝገቱ ነዋ ያለኝ። ታጥፎ ጭቃ የገባ ሰንጢ ከጀርባው ነው የሚበላው። አፉ እጀታው ውስጥ ተሸሽጎ፣ ዘይት ጠጥቶ ስለተቀመጠ ዘግይቶ ነው የሚነካው። ይኸ ግን በተቃራኒው ነው። ጀርባው ደህና ነው፣ አፉ አልቋል። እርጥብ ሆኖ ነው የታጠፈው።

ስንዱ፦ ዘጠኝ ዓመት ቦይ ውስጥ የተኛ ብረት እርጥብ ነበር ይሉኛል። ሊደርቅ ኖሯል?

እንድሪስ፦ ውሃ እንደዚህ አይበላም። ሠላሳ ዓመት ዝገት ስፍቅ ኖሬያለሁ። ሥጋ ቤት ውሎ ሳይታጠብ ያደረ ቢላ እንዴት እንደሚዝግ ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ አውቀዋለሁ።

ስንዱ፦ እንግዲያው ከፍርድ ቤቱ በልጠዋላ።

እንድሪስ፦ ፍርድ ቤቱ ሰንጢውን አላየም። ተፈልጎ ጠፋ።

ስንዱ፦ ጋሽ እንድሪስ፣ ይፍቁት በቃ። ይኸ ሁሉ ነገር ለሌላ ሰው አይገባውም። ሲያብለጨልጭ ካዩት ይበቃቸዋል።

እንድሪስ፦ ወደ መስኮቱ ጠጋ በይ። ያልፈቅሁት ጎን ላይ፣ እዚህ፣ ስለቱ ከእጀታው የሚገናኝበት ጋ። ምን ይታይሻል?

ስንዱ፦ ዝገት።

እንድሪስ፦ ዝገቱ ላይስ?

ስንዱ፦ ዓይኔ አያይም።

እንድሪስ፦ ባለፈው በጭላንጭል መርፌ ላይ ክር ስትሰኪ አይቼሽ ነበር። ይሁን፣ እኔ ልንገርሽ። ድርና ማግ ነው። ሰንጢው ሲታጠፍ ጨርቅ ነክሷል። ጨርቁ በስብሶ አልቋል፣ ዝገቱ ግን ሽመናውን ማኅተም እንደተመታበት ይዞታል። ስስ ነው፣ የነጠላ ነው። ዳር ዳሩ ወፈር የሚለው ጥለቱ ነው። አንድ ሰው ስለቱን በነጠላው ጠርጎ፣ ተቻኩሎ ሲያጥፈው ጫፉ ተነክሶበት፣ ቀዶ ጥሎታል።

ስንዱ፦ ነጠላ የሌላት ሴት አለች እዚህ አገር?

እንድሪስ፦ ሴት ናት አላልኩም። ወንዱም ነጠላ ይደርባል ስንዱ። እኔም አለኝ።

ስንዱ፦ ምን እንድልዎት ነው የፈለጉት?

እንድሪስ፦ ያን ቀን መጀመሪያ የደረሰ ማን ነበር?

ስንዱ፦ ያውቁታል።

እንድሪስ፦ ከአፍሽ ልስማው።

ስንዱ፦ እኔ ነኝ። የውሃ ተራው የእኛ ነበር፤ ምሳውን ይዤለት ስወርድ። ፈንታው ክንዱን ጨብጦ ወደ ላይ ሲሮጥ አየሁት። ደርበው ቦዩ ዳር ጋደም ብሏል። ፀሐይ መትቶት ያንቀላፋ ነው የመሰለኝ። ተነስ፣ ምሳህ ይቀዘቅዛል ሁሉ ብዬዋለሁ።

እንድሪስ፦ እጁስ ላይ?

ስንዱ፦ ምን ያደርግልዎታል?

እንድሪስ፦ ለእኔ ምንም።

ስንዱ፦ ይዞት ነበር። ጥብቅ አድርጎ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ነው ያላቀቅሁት። እናታችን ስትሞት ገና የሦስት ዓመት ልጅ ነበር፤ አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ሰው ሲመጣ ደም የነካው ሰንጢ ጨብጦ እንዲያገኘው አልፈለግሁም። ጠበኛ ነበር እያሉ እንዲቀብሩት አልፈለግሁም። ይኸው ነው። ለቀብሩ ብቻ ብዬ ነው።

እንድሪስ፦ ከቀብሩ በኋላ ፍርድ ቤት ነበር።

ስንዱ፦ ባዶ እጁን ነበር አልኩ። አንዴ ከአፌ ወጣ፤ በማግስቱ ሄጄ ምን ልበል? እየቆየሁ ስሄድ እኔም አመንኩት። በሕልሜ ሰንጢውን የሚያጥፍ እጅ አያለሁ፤ የሌላ ሰው እጅ ነው የሚመስለኝ።

እንድሪስ፦ ፈንታው ዘጠኝ ዓመት ታሰረ።

ስንዱ፦ ወንድሜን ገድሎ ነው የታሰረው። እንዳዝንለት ነው?

እንድሪስ፦ ገድሏል። እሱም አልካደ። ቆርጦኝ ነው ያለውን ነው ማንም ያላመነው። ጠባሳውን ሲያሳይ ራስህ ነህ የቆረጥከው ተባለ። እናቱ የሞተች ጊዜ ስንት ሰው ቀበራት?

ስንዱ፦ እሷን አያንሱብኝ።

እንድሪስ፦ አራት ሰው። አራተኛው እኔ ነኝ። ሽበቴን አላዩልኝም፣ አንዱን የቃሬዛ እጀታ አሸክመውኝ ወጣሁ። ስንዱን ማስቀየም ነው ብሎ ሰዉ ሁሉ በሩን ዘግቶ ዋለ።

ስንዱ፦ እኔ አትሂዱ አላልኩም።

እንድሪስ፦ አውቃለሁ። ዝም ነው ያልሽው።

ስንዱ፦ አንቱስ? ያን ሞላ ያስገቡለት መቼ ነው?

እንድሪስ፦ የቱን?

ስንዱ፦ ከመጋዝ ብረት የቆረጡትን። ደርበው ሊሞት አንድ ሳምንት ሲቀረው አይደለም? ፖሊሱ እዚህ በር ላይ ቆሞ፣ ደርበው ሰንጢ ይይዛል ወይ ብሎ ሲጠይቅዎት እኔ ከአጥሩ ወዲያ ነበርኩ። ምን አሉት? እኔም ከአፍዎ ልስማው።

እንድሪስ፦ ብዙ ሰው ይመጣል፣ የማን ምን እንደሆነ አላስታውስም አልኩት።

ስንዱ፦ ያስታውሱ ነበር።

እንድሪስ፦ አስታውስ ነበር። ለጠብ ሰንጢ አዘጋጀ እንዳልባል ፈራሁ። ማን ሰንጢ ያሳድሰኛል ብዬ ፈራሁ።

ስንዱ፦ እንግዲያው ሁለታችንም ነን። ይፍቁትና ሁለታችንም እንረፍ።

እንድሪስ፦ ነገ መጀመሪያ የምናገረው የራሴን ነው።

ስንዱ፦ አንቱ ሽማግሌ ነዎት። ተናግረው፣ ይቅር ይበልህ ተብለው ቤትዎ ይገባሉ። እኔ እዚህ አገር የምኖረው በደርበው ሐዘን ነው። ሰው የሚያከብረኝ በእሱ ነው። እሱን ከወሰዱብኝ ምን ይተርፈኛል?

እንድሪስ፦ ሐዘንሽን ማን ይወስደዋል? ሰንጢ ቢይዝም ባይዝም ወንድምሽ ሞቷል።

ስንዱ፦ እግርዎ ላይ ልውደቅ?

እንድሪስ፦ ተነሽ። ተነሽ እባክሽ፣ ወለሉ ዘይት ነው፣ ቀሚስሽን አታበላሺ። ስሚኝ። ብሩሹ ይኸው፣ ሰንጢውም ይኸው። እኔ አልፍቀውም፤ አንቺን ግን አልከለክልሽም። ስስ ነው፣ አሥር ጊዜ ብታሽው ይለቃል። ነገ እኔ ሽመና ነበረበት እላለሁ፣ አንቺ አርጅቷል፣ ዓይኑም ደክሟል ትያለሽ። የሚያምኑት አንቺን ነው።

ስንዱ፦ ለምን እንዲህ ያደርጉኛል?

እንድሪስ፦ ሌላ ሰው እንዲፍቅልሽ ነው የመጣሽው። ይኸ ግን ለሌላ ሰው የሚሰጥ ሥራ አይደለም። በይ። እኔ ፊቴን አዞራለሁ።

ስንዱ፦ ፈንታው የት ነው ያረፈው?

እንድሪስ፦ በእናቱ ቤት ነዋ። ላይኛው ሰፈር፣ ከወፍጮው አለፍ ብሎ። ጣራው ወድቆ ሸራ ወጥሮበታል።

ስንዱ፦ ብቻውን?

እንድሪስ፦ ማን ይገባለታል?

ስንዱ፦ ክንዱን አይተውታል?

እንድሪስ፦ ከክርኑ እስከ አንጓው ነው። ቀኙ ነው። ሁለት ጣቶቹ አይታጠፉለትም፤ በቀደም ሻይ ሲያነሳ በግራው ነበር።

ስንዱ፦ ጨርቅ አለዎት?

እንድሪስ፦ ለመወልወያ?

ስንዱ፦ ለመጠቅለያ። ያልተፋቀው ጎን እንዳይነካ አድርገው ይጠቅልሉልኝ።

እንድሪስ፦ ይኸው፣ ለስላሳ ነው፤ አጥብቀሽ አትያዢው። ነገ ሽማግሎቹ ፊት አንቺ ነሽ ይዘሽው የምትመጪ? ስንዱ? ቤትሽ እኮ ወደ ታች ነው፣ ስንዱ። ወደ ላይ ምን ልትሠሪ ነው?