የግራዝማች ወራሽ

አብዮቱ ጥቂት ዓመታት ካስቆጠረ በኋላ ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ በሚሄደው አውቶቡስ ከፊቴ አንድ ወጣት መምህርና አንድ ሽማግሌ ጎን ለጎን ተቀምጠው ያወራሉ።

«ስኮትላንድ የሚባል አገር አለ፣ አባባ። የመኳንንቱ ማዕረግ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ስንት መቶ ዓመቱ!»

«ልጁ ምን ሠርቶ?»

«ተወልዶ።»

«መወለድማ እኛም ተወልደናል። ፈሪ ቢሆንስ?»

«ፈሪም ቢሆን ይወርሳል።»

«ወንድ ልጅ ከሌለስ?»

«አንዳንዴ ሴቷም ትወርሳለች።»

«ጉድ እኮ ነው! የኔ አባት ግራዝማች ነበሩ፤ እኔ ግን ይኸው ገበሬ ነኝ። ሲያርፉ ማዕረጉም አብሯቸው ተቀበረ።»

«ዛሬማ ጨርሶ ቀርቷል፣ አባባ። አሁን ግራዝማች ብሎ የሚጠራ የለም፤ ሁላችንም ጓድ ነን።»

«እሺ፣ ጓድ መምህር።»

አውቶቡሱ ቁልቁለቱን ሲጀምር መምህሩ ደንገጥ ብሎ ተነሣ።

«ረዳት! ወራጅ አለ! ግራዝማች ባሕር ዛፍ ላይ!»

«አባቴ የተከሉት ዛፍ ነው» አሉ ሽማግሌው። «ምነው፣ ጓድ ባሕር ዛፍ ብትለው አያወርድህም?»

የእኔ መውረጃ ቀጥሎ ያለው ቀኛዝማች ወፍጮ ነበርና፣ ረዳቱን ምን ብዬ እንደማስቆመው እያሰብኩ አንገቴን ደፋሁ።