የሁለቱ ሰፊዎች ዓይን

ኮት ሰፊው ሰማያዊ ኮት በጥቁር ክር ሰፍተው ኖሮ፣ ደንበኛው ክፉ ሳይናገር ኮቱን አንሥቶ መንገዱን ተሻገረና ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ገባ። ያ ሱቅ ባርኔጣ ከራሳቸው ስለማይለይ ባለ ባርኔጣው የሚባሉት የሌላው ሰፊ ነው። ሁለቱ ሰዎች እኩያሞች ናቸው፤ ሙያውንም የለመዱት ከአንድ አስተማሪ ሥር ነው። አሁን ግን ባለ ባርኔጣው ያለ መነጽር ክር በመርፌ ሲያስገቡ፣ ኮት ሰፊው የመርፌዋን ቀዳዳ በጣታቸው ይዳብሳሉ። ይህን ባሰቡ ቁጥር ይቀናሉ። “አብረን አረጀን፤ የእሱ ዓይን ብቻ ምን ቢሆን ነው ያላረጀው?” ይላሉ ለራሳቸው።

ንዴታቸው እንዲበርድላቸው ሲጋራቸውን ለኩሰው ወጡ። አትክልት መሸጫው ደጃፍ ሲደርሱ ከአንዲት ወጣት ጋር ተጋጩ።

“ይቅርታ ጋሼ፣ ጎዳሁዎት?”

“ማነሽ አንቺ?”

“አላዩኝም እንዴ? የጎረቤትዎ ልጅ ነኝ።”

የባለ ባርኔጣው ልጅ የዓይን ሐኪም ናት። ልጅ እንኳ የተማረለት ለእሱ ነው ብለው ኮት ሰፊው ዳግመኛ ተቃጠሉ።

“ይሄ ሁሉ ቅጠላ ቅጠል ለአባትሽ ነው?”

“አዎ፤ ጎመን፣ ካሮትና ብርቱካን ነው።”

“እኔን አታሞኚኝ። አባትሽን ያተረፈው ካሮት አይደለም። በድብቅ የምታመጪለት ጠብታ አለ።”

ልጅቱ አልተቆጣችም። “እንዲህ ያለ ጠብታ ቢገኝ ለእርስዎ እነፍግ ነበር? ዓይናችን ውስጥ ጥርት ያለ ሌንስ አለ። እሱ ሲደፈርስ ነው የዓይን ሞራ የምንለው። ዋናው ምክንያት ዕድሜ ነው፤ ሲጋራ፣ ጠራራ ፀሐይና ስኳር በሽታ ግን ያፋጥኑታል። ሌንሱን ቀስ በቀስ የሚጎዱ ነገሮች ሰውነታችን ውስጥ ይፈጠራሉ። አትክልትና ፍራፍሬ ደግሞ ያንን ጉዳት የሚቋቋሙ፣ አንቲኦክሲዳንት የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሏቸው።”

“እንግዲያው ካሮት ብበላ የደፈረሰው ዓይኔ ይጠራልኛል።”

“አይጠራም፤ አልዋሽዎትም። የደፈረሰውን የሚያስተካክለው ቀዶ ሕክምና ብቻ ነው። አትክልትና ፍራፍሬ የሚያዘወትሩ ሰዎች በሞራ የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ብሎ ታይቷል፤ ዋስትና ግን አይደለም።”

“ፋርማሲ የሚሸጠው የቪታሚን ክኒንስ?”

“ተሞክሮ ይህ ነው የሚባል ጥቅም አላሳየም። ለሚያጨስ ሰው እንዲያውም የሚጎዳ ክኒን አለ። ከገበታዎ ቢያገኙት ይሻላል።”

ኮት ሰፊው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቅናት ሰውን እንዲህ ያደርገዋል፤ የጎረቤቱን ዓይን ሲመኝ የራሱን ማሳከም ያስረሳዋል። “ሐኪም ልጅ ያለው ሰው ምን ቸገረው” ብለው ሊሄዱ ሲሉ ባለ ባርኔጣው ልጃቸውን ፍለጋ ብቅ አሉ። የመጨረሻውን ቃል ሰምተዋል።

“ልጄ የሕመምተኛ ምስጢር አታወጣም፤ እኔው ልንገርህ” አሉና ባዶ ሣጥን ላይ ተቀመጡ። “ሁለቱም ዓይኖቼ ሞራ ወጥቶባቸው በቀዶ ሕክምና ተነሥቶልኛል። እኅቴ ዘንድ ከረምኩ ያልኩህ ጊዜ ነው።”

“ለምን ደበቅኸኝ?”

“ዓይኑ ለታመመ ሰፊ ማን ጨርቁን ይሰጣል? ደግሞ አንተ እንዳታውቅ ፈለግኩ። ያንተን የኮት አንገትጌ አስመስዬ ለመስፋት ስታገል ኖሬ አልሆነልኝም። ሰው ሁሉ ኮቱን ላንተ ሲያመጣ ስንት ዓመት አንጀቴ አረረ። ዓይንህ ሲደክም ደስ ያለኝ ቀን አለ፤ አሁን ስናገረው አፍራለሁ።”

ልጅቱ አባቷን አፍጥጣ አየች። ኮት ሰፊው መጀመሪያ ደማቸው ፈላ፤ ቆይተው ግን ሳቃቸው መጣ። ለካስ ሲቀኑ የኖሩት በሚቀናባቸው ሰው ኖሯል።

“ታዲያ ካሮቱም አላዳነህማ” አሉ።

“አላዳነኝም። እናትና አባቴ ገና ሳይሸብቱ ነበር ዓይናቸው የጠፋው፤ እኔ እስከ ሽምግልናዬ ቆየሁ። በምግቡ ይሁን፣ ባርኔጣ ባለመለየቴ ይሁን፣ ባለማጨሴ ይሁን፣ ልጄም ለይታ አታውቅም። ሁሉም ግን ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም።”

ኮት ሰፊው ሲጋራቸውን በጫማቸው ረገጡና ወደ ልጅቱ ዞሩ። “መቼ ልምጣ?”

ቀኝ ዓይናቸው ታከመ፤ ግራውም ተከተለ። ሲጋራውን ለመተው ብዙ ተሠቃዩ፤ ሁለቴ ትተውት ተመለሱበት፤ በሦስተኛው ግን ቆረጡ። ሳላቸው ቀነሰ፤ ደረጃ ሲወጡ ማለክለካቸው ቀረ። ምሳቸው ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ መሆኑ ቀርቶ ጎመንና ፍራፍሬ ገባበት። የተፈወሱት በሐኪም እጅ መሆኑን አይክዱም፤ የቀረውን ለቀሪው ጤናቸው ነው የሚያደርጉት። ለልጆቻቸውም “እናንተ ዓይናችሁ ሳይደፈርስ ጀምሩ” ይሏቸዋል።

አንድ ቀን ሱቃቸው የገባ ደንበኛ በለበሰው ኮት ላይ የባለ ባርኔጣውን የቁልፍ ቀዳዳ ስፌት አጥርተው አዩ። በእጅ ተሰፍቶ የማሽን ሥራ ይመስላል። ቅናቱ እንደ ድሮው መጣባቸው። ቆም ብለው አሰቡና ጅምር ኮታቸውን በክንዳቸው አንጠልጥለው መንገዱን ተሻገሩ።

“ይሄን እንዴት እንደምትሠራው አሳየኝ” አሉ።