የወደቀ ሻይ ይገዛል

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ፀጉር አስተካካዩ የአንዱን ደንበኛ ጆሮ ግንድ ላጭቶ ጨረሰና እንደገና ጀመረው። ደንበኛው፣ «ጋሼ፣ ጆሮዬን እንኳ ይተዉልኝ» ቢለውም ሳቅ አልመጣለትም። መቀሱን አስቀመጠ፤ መልሶ አነሳው። የተወለወለ መስተዋት ወለወለ። በር ላይ ወጥቶ ተመልሶ ገባ። ምን ሆንክ ቢሉት «ምንም» ይላል፤ ምንም ያልሆነ ሰው ግን እንዲህ አይቁነጠነጥም። በመጨረሻ ሱቁን ዘጋና ብስክሌቱን እየገፋ ጎማ ሊያስነፋ ወደ ጎሚስታው ሄደ።

የሰፈሩ ሰው «አውራው» ነው የሚለው። እሑድ ጠዋት ወደ ኮረብታው የሚወጣውን የብስክሌት ጓድ ከፊት ሆኖ የሚመራው እሱ ነውና። ያ ጓድ አንድ የከረመ ደንብ አለው፤ መሪ ወደ ኋላ አያይም፣ አይናገርም፣ እጁን አያነሳም። ጉድጓድ ሲያገኝ ሹልክ ብሎ ያልፋል። ተከታዩ ከነቃ ያልፋል፣ ካልነቃ ይወድቃል። የወደቀ ደግሞ ለሁሉም ሻይ ይገዛል። ባለፈው እሑድ ከኋላው ይከተል የነበረው አናጢ ክዳኑ የተሰረቀ የፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የትከሻ አጥንቱ ተሰበረ። ጓዱ ሊጠይቀው ሄደና፣ ደንብ ደንብ ነው ብሎ፣ ከተኛበት ሻይ አስገዛው። አናጢውም ሳቀ፤ ሲስቅ ግን ትከሻውን ይዞ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ መቀመጫ ያጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

ጎሚስታው ደጃፍ የጎረቤቱን ልጅ አገኛት። ነርስ ናት፤ የአናጢውን ትከሻ ያሰረችውም እሷው ነበረች። ቁጢጥ ብላ የብስክሌቷን ሰንሰለት ዘይት ትቀባለች።

«ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ? ነገ እኔም ከእናንተ ጋር ልወጣ ነው።»

«እሰይ። ሻይ የሚገዛልን አናጣም ማለት ነዋ።»

«ይፈቀድልኝና ልየው እስቲ» አለችና ፈቃዱን ሳትጠብቅ የብስክሌቱን ፍሬን ጨበጠችው። ፍሬኑ ሳይከራከር እስከ መጨረሻው ገባላት። «ይኼ ፍሬን ነው ወይስ ጌጥ?»

«ልጄ፣ ይኼን ብስክሌት መንዳት ስጀምር አንቺ አልተወለድሽም። ፍሬን መንገዱን ለማያውቅ ሰው ነው።»

«መንገዱ ግን እርስዎን አያውቅዎትም። የጉድጓዱን ክዳን የወሰዱት ሰዎች አስፈቅደውዎት ነው?»

ጎሚስታው ጎማ ላይ እንዳጎነበሰ ትከሻው በሳቅ ተነቀነቀ።

«ቀጥለሽ ሄልሜት ልትይኝ ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ሳምንቱን ሙሉ ሳሳምረው የሰነበትኩትን የሰው አናት፣ እሑድ ድስት ልድፋበት?»

«አናቱ ከሌለ ማበጠሪያውን የት ሊያሳርፉት ነው?»

መልስ ያጣ ትልቅ ሰው ወደ ምክር ይሸሻል፤ እሱም ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ። «ስሚኝ፣ ልጄ። ጉድጓድ መምህር ነው። እኛ ወድቀን ነው የተማርነው። "እዚህ ጋ ጠጠር፣ እዚያ ጋ ውሃ" እያልኩ እጄን ሳወናጭፍ ብውል፣ ይኼ መምራት ነው ሞግዚትነት?»

«ታዲያ አናጢው ምን ተማረ? መላጊያውን እያዩ መቀመጥን? ጋሼ፣ ብቻውን የሚነዳ ሰው መንገዱን ያያል። በጓድ የሚነዳ ግን የሚያየው የፊተኛውን ጀርባ ነው። ጀርባዎን ከፊቱ ያስቀመጡበት እርስዎ ነዎት። መንገዱን ከጋረዱበት ዓይን ሊሆኑለት ይገባል።»

«ነገር ታውቂያለሽ።»

«ከልጅዎ አልበልጥም። ነገ አብራኝ ልትወጣ ብስክሌት ተውሳለች። አልነገረችዎትም እንዴ?»

የፀጉር አስተካካዩ እጅ የብስክሌቱ ኮርቻ ላይ ደርቆ ቀረ።

«አትወጣም።»

«ለምን?»

«መንገዱን ገና አልለመደችውማ። ክፉ መንገድ ነው።»

«መምህር ነው ሲሉኝ አልነበር? የእርስዎ ልጅ መማር አያስፈልጋትም?»

ጉድጓድ እንዲህ ነው፤ የሰው ልጅ ሲገባበት መምህር፣ የራስ ልጅ ስትቀርበው ገደል ይሆናል። ፀጉር አስተካካዩ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ቁጣው ግን ወዴት እንደሚሄድ አላወቀም።

ነርሷ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ይቅርታ፣ ጋሼ፤ ልደፍርዎት ብዬ አይደለም። እስቲ ፍሬኑ ይጥበቅና እስከ ወፍጮ ቤቱ ደርሰን እንመለስ። እኔ ከፊት፣ እርስዎ ከኋላ።»

ከኋላ ነድቶ አያውቅም። ዕድሜውን ሁሉ ደንበኛ አስቀምጦ፣ በትንሿ መስተዋት የገዛ ማጅራቱን ሲያሳየው ኖሯል፤ መንገድ ላይ ግን ከጀርባው ምን እንዳለ አንድ ቀን ዞር ብሎ አላየም። ጎሚስታው ፍሬኑን እስኪያጠብቅለት ቆሞ መታገስ አቅቶት ይዞረው ጀመር።

ወፍጮ ቤት ሲሄዱ ነርሷ በእሱ ደንብ ነዳች፤ አልተናገረችም፣ አላሳየችም። እሱም የሚያየው ሌላ ነገር አልነበረውም፤ ጃኬቷን፣ የቦርሳዋን ማንገቻ፣ የሚሽከረከር የኋላ ጎማዋን። አስፋልቱ ከእሷ ሥር ድንገት እየተወለደ ይመጣበታል። እሱ ባለፈው እሑድ እንዳደረገው እሷም ሹልክ አለች፤ የእሱ ጎማ ግን ጉድጓድ ውስጥ ዘጭ ብሎ ገባ። ጥርሱ ተጋጨ፣ ብስክሌቱ አንገዳገደው፤ በአንድ እግሩ መሬት ነክቶ ዳነ።

«ጥልቁን አልመረጥኩልዎትም» አለች ቆማ እየጠበቀችው። «ሻዩንም ምሬዎታለሁ።»

ሲመለሱ በእሷ ደንብ ሆነ። ጉድጓድ ሲመጣ እጇን ወደ ታች ዘርግታ ባለበት ወገን ታሳያለች፣ በአፏም ትናገራለች። ልትቆም ስትል መዳፏን ከፍታ ታነሳለች፤ ድንገት ፍሬን አትይዝም። «ጎማዎ ከጎማዬ ጎን አይግባ፤ ብስክሌት የሚያህል ቦታ ይተዉ» ትላለች ዞር ሳትል። ፀጉር አስተካካዩ ትከሻው ቀስ በቀስ ሲወርድ ተሰማው። ሳምንቱን ሙሉ ያልወረደ ትከሻ ነበር።

ጎሚስታው ደጃፍ ሲደርሱ ወረደና፣ «አናጢው እኮ ይኼን ሁሉ ዓመት ጀርባዬን አምኖ ነው የተከተለኝ» አለ።

እሑድ ጠዋት ጓዱ ሲሰበሰብ አውራው እንደ ወትሮው ፊቱን ወደ መንገዱ አላዞረም። የእያንዳንዱን ብስክሌት ፊት ከመሬት ትንሽ አንስቶ ለቀቅ አደረገና የሚንኳኳውን አደመጠ፤ ፍሬኑን ጨበጠ፣ ጎማውን በአውራ ጣቱ ተጫነ። የጓዱ ሰዎች ተያዩ።

«አውራው፣ ዛሬ ሐኪም ሆነህ መጣህ?» አለ ልብስ ሰፊው።

«ሐኪም ዘንድ እንዳልወስድህ ነው» አለ። የእጁን ምልክት አሳያቸው። መንገዱ ሲጠብ አንድ በአንድ፣ ፍጥነቱ ደግሞ በደካማው ልክ እንዲሆን ነገራቸው። ነርሷን፣ «አንቺ ጅራት ሁኚ፤ ማንም ከኋላሽ አይቅር» አላት። «አትወጣም» ያላትን ልጁንም ከነርሷ ፊት አሰለፋት። በመጨረሻ ከጎሚስታው የተዋሰውን ሄልሜት አናቱ ላይ ደፋ።

አናጢው የወደቀበት ቦታ ሲቃረቡ እጁ ከሐሳቡ ቀድሞ ወረደ። «ጉድጓድ፣ በቀኝ» አለ። ከኋላው ያለው ተቀበለ፤ ያም ለኋለኛው አቀበለ። ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ እየራቀ ሄደ። ፀጉር አስተካካዩ ትንፋሹን ይዞ አደመጠ። በስተመጨረሻ፣ ከሩቅ፣ የልጁ ቀጭን ድምፅ «ጉድጓድ፣ በቀኝ» ሲል ሰማ። ያን ጊዜ ተነፈሰ።

ማሳየት ሰውን አያሰንፍም። እንዲያውም በዚያ ጠዋት ደካማው ወደ ኋላ አልቀረም፣ ጉልበተኛው አልተሰላቸም፤ ጀርባ ሲጠብቅ ይደክም የነበረ ዓይን ኮረብታውን አየ። በጓድ የሚሄድ ሰው ከመነሳቱ በፊት ብስክሌቱን ይመርምር፣ ያየውን ለኋለኛው ያቀብል፤ የፊተኛው ዓይን የሁሉም ነውና።

እስኪመለሱ ማንም አልወደቀም። አውራው ግን ከሻይ ቤት ትልቅ ፔርሙስ አስሞልቶ ጓዱን ይዞ አናጢው ቤት ገባ። አናጢው በደህናው እጁ ብርጭቆ ተቀብሎ ሁሉንም በዓይኑ ቆጠረ፤ የተላጠ ጉልበት የለም፣ አቧራ የለበሰ ጀርባ የለም።

«የማንን ውድቀት ነው የምንጠጣው?» አለ።

«የኔን» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ እየቀዳለት።