ዱላውን ይዞ ሐይቅ የገባው

ከደሴ ወደ ሐይቅ በተሳፈርኩበት ሚኒባስ አንዲት ባልቴት አጠገባቸው የተቀመጠችው ወጣት እያነከሰች ስትገባ አይተው ኖሮ፣ ምን እንደነካት ጠየቋት።

“ሩጫ ነው፣ እማማ። ከዘመድ ከጓደኛ ጋር ሆነን ከወልድያ እስከ ሐይቅ ዱላ እየተቀባበልን ሌሊቱን ስንሮጥ አደርን።”

“በሌሊት? ጅቡስ?”

“እኛን ሲያይ ሳይሸሽ አይቀርም።”

“ያንቺ ድርሻ የቱ ነበር?”

“መጨረሻው። ዱላውን ይዤ ሐይቅ የምገባው እኔ ነበርኩ። ዓረብ አገር ሳለሁ ስመኘው የኖርኩት እሱን ነው።”

“ታዲያ ገባሽ?”

“ወንድሜ ገባ።”

“ምነው፣ ደከመሽ?”

“ኧረ ምን ደክሞኝ! ከተማው መግቢያ ላይ ስደርስ ሰሞኑን ያገባው ወንድሜ አማቶች ሩጫውን ሊያዩ ወጥተዋል። የእኛ ቤተሰቦች ከወንድሜ ጋር በመኪና እየተከተሉን ነበርና አስቆሙኝ። ‘ሙሽራው መኪና ውስጥ ተቀምጦ እህቱ ስትሮጥ ይታይ?’ አሉ።”

“አብሽሪ፣ ልጄ። ዝም ብለሽ ሰጠሽው?”

“ወላሂ አልሰጠሁም። ከእጄ ፈልቅቃ የሰጠችው እናቴ ናት።”

“እናትሽ? ምን ብላ?”

“‘አንቺን ደግሞ ማን ሊያይሽ ነው?’ ብላ።”

በሩ አጠገብ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ፤ ሐይቅ ስንደርስ እግሬን ሰብስቤ ወጣቷ ከሁላችን ቀድማ እንድትወርድ አሳለፍኳት።