እናቴ የቀባችው ቀስት

ለንደን ውስጥ ያለው የሰፈሬ የሃርልስደን ልጆች ቀስቴን ተሸክሜ ባዩኝ ቁጥር "ብሮ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልታድን ነው፣ አውቶቡስ?" ይሉኛል። ይሳቁ። ትምህርቱንም ሥራውንም ጥዬ ያልተውኩት ነገር ቢኖር ቀስት ውርወራ ብቻ ነበር፤ በመጨረሻ ለብሔራዊ ቡድን መምረጫ ትራያል ተጠራሁ።

ሜዳው ደርሼ ሻንጣዬን ስከፍት የወይራ ዘይት ሸተተኝ። እናቴ ናት። ጠዋት ሻወር ስገባ ጠብቃ፣ ቸርች ውስጥ በሽተኛ እንደሚቀቡት ጸልያ ዕቃዬን በሙሉ ቀብታዋለች። ቀስቱን በቲሸርቴ ጠረግኩት። ገመዱን ስስብ ጣቴ ላይ የማደርገው ቆዳ ግን ዘይቱን ጠጥቶታል፤ ሌላ አልያዝኩም። ገና ሳነጣጥር ገመዱ አመለጠኝና ፍላጻዬ ሳሩ ላይ ተሰካ። የሚቀጥለውም እንደዚያው። መራጩ ሰውዬ "ሶሪ ሜት" ብሎ ትከሻዬን መታ አደረገኝ።

ቤት ስደርስ በሩ ላይ ቆማለች።

"አለፍክ አይደል፣ የኔ ጌታ?"

"አላለፍኩም ማሚ።"

"እንዴት ተደርጎ? ጾሜ ጸልዬበት!"

ዘይትሽ ነው ልላት አፌን ከፈትኩ። ፊቷን ሳይ ዋጥኩት። "እጄ ተንቀጠቀጠ" አልኳት።

"አንተ አይደለህም" አለች ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ። "እግዚአብሔር እኔን መስማት ካቆመ ቆይቷል። አባትህም ሲታመም ቀብቼው ነበር።"

ከትራያሉ ቀን ወዲህ ቸርች ረግጣ አታውቅም። እውነቱን ብነግራት እግዚአብሔር ነጻ ይወጣል፤ ጥፋተኛዋ ግን እሷ ትሆናለች። እስካሁን ዝም ብያለሁ።