ነጩ ቤት

ክብርት ከንቲባችን ሲግሩን፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የቫርቪካ ማዘጋጃ ቤት ባልደረቦቼ፤

ስለ ግብዣው እግዜር ይስጥልኝ። ዋፍሉን በቡናማው አይብ እስክጠግብ በልቻለሁ። የወደብ ክፍሉ ማሞቂያ ግን ጡረታ መውጣቴን ጠብቆ ዛሬ መሥራቱ ምን ይባላል? በእኔ ላይ ቂም ነበረው?

ስንብት ላይ ደስ የሚል ነገር ይወራል። እኔ ግን አንድ ነገር ሆዴን በልቶታልና ታገሱኝ። የፊታችን ሐሙስ ምክር ቤቱ የባሕር ዳር ቤቶች ሁሉ እንደ ጥንቱ ነጭ ይቀቡ በሚለው ዕቅድ ላይ ድምፅ ይሰጣል። የእኔም ቤት አለበት።

ያ ቤት የሉኖያ ደሴት ቤት ነበር። መንግሥት ከደሴት ለሚወጣ ድጎማ በሰጠ ጊዜ፣ እዚህ አገር ሰው ሲዛወር ቤቱንም ይዞ ነውና፣ አባቴ ቶርላይፍ ግንድ በግንድ ፈቶ በራሱ ጀልባ አሻገረው። ደሴቲቱ ላይ ሳለ ለዓሣ አጥማጁ ሁሉ ምልክት ነበር። ነጩ ግድግዳ ከደሴቲቱ ጀርባ፣ እዚህ የብስ ላይ ካለው ከባርኔጣው ተራራ ሥር ብቅ ሲል ወደ ግራ ይታጠፋሉ፤ ውሃው ንጹሕ ነው፣ ቤት ገቡ ማለት ነው።

እዚህም ከዚያው ተራራ ሥር ተከለው። እንደ ልማዱም ነጭ ቀባው።

በመጀመሪያው ክረምት በረዶ ሲያወርድ አባቴ ከባሕር ሲመለስ እኔና እናቴ መስኮቱ ላይ ነበርን። ሞተሩ ይሰማናል። ከዚያ ጀልባዋ ታየችን። እናቴ ቀስ ብላ፣ «ለምንድን ነው የሚታጠፈው?» አለች።

ነጩን አይቶ ታጠፈ። ቤቱን በገዛ እጁ ያመጣ ሰው፣ እጁ ግን አሁንም ሉኖያ ነበር። እዚህ ግን ከቤቱ ፊት ያለው ውሃ ሥር አለት አለ፤ አባቴ ቤት አልገባም።

እናቴ በጸደይ ቤቱን ቀይ ቀባችው። ጎረቤቶቻችንም ሳይጠይቁ፣ ወደ ባሕር የሚያየውን ግድግዳቸውን ቀይ አደረጉ።

ዕቅዱን ያወጣው አርንፊን ባለፈው ሳምንት ሳቀብኝ። «አንቺ ዮሩን፣ ዛሬ ጀልባው ሁሉ በሳተላይት ነው የሚሄደው። ማን ቤት ያያል?»

«አባቴም ኮምፓስ ነበረው» አልኩት።

አርንፊን፣ አልተቀየምኩህም፤ አንተ ያየኸው የድሮ ፎቶግራፎቹን ነው። ቆንጆ ናቸው። እኔ ግን እፈራለሁ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ የምፈራው ለእናንተ ጀልባ ብቻ አይደለም። በረዶ ሲያወርድ ዛሬም ያ ሞተር ይሰማኛል። ይቀርባል፣ ዝግ ይላል። ያን ጊዜ ወደ መስኮቱ ሄጄ፣ «አባባ፣ ገና ነው፤ ቀጥ በል» እለዋለሁ። ያልፋል። ቤቱ ነጭ ከሆነ አባቴ የምለውን ይሰማኛል ትላላችሁ?

ከነገ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ላይ ነኝ። እናንተን ባሕሩ በሰላም ይመልሳችሁ፤ ልጆቻችሁ ይደጉ፤ ወደባችን ሰው አይጣ። እጃችሁ በልማድ ሲታጠፍም፣ ከመስኮት ሆኖ «ገና ነው» የሚላችሁ አይጥፋ።